ኦርድ ዊንጌት፤ የጌዴዎን ጦር አዛዥ



ለዚህ ዓመት መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች የዐፄ ቴዎድሮስን ወይም የዐፄ ምኒልክን ታሪክ እጽፋለሁ ብለው ጠብቀው ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ከሩቅ አገር መጥቶ በእኛው በአገው ምድር ደጋ ላይ ያለፈውን እንግሊዛዊ መኮንን፣ ኦርድ ዊንጌትን ነው። ይህን ሰው ለምን እንደ መረጥሁ አስቀድሜ ልናገር።

ትምህርታችን ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት እኔ በእንጅባራ አቅራቢያ ባለ መንደር ከአያቴ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ጠዋት ከብት ስጠብቅ፣ ከቀትር በኋላ ድንች ስኮተኩት እውል ነበር። ደብተሮቼ በሣጥን ውስጥ ተዘግተው መክረማቸውን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዝል ጀመር። አንድ ቀን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን፣ እግዚአብሔር ቃሉን ይጠብቃል የሚባለው ነገር ለታደሉት ሰዎች ብቻ ይመስለኛል ብዬ ለአያቴ ነገርኋቸው። አያቴ አልተቆጡኝም። ፍሙን ቆስቆስ አድርገው የጌዴዎንን ታሪክ ተረኩልኝ። ቀጥለውም አባታቸው በጠላት ዘመን በቀርከሃው ጫካ ተደብቀው በሚኖሩበት ጊዜ፣ የዚሁ የጌዴዎን ስም የተሰጠው ጦር በደጃችን አልፎ እንደ ሄደ ነገሩኝ። ትምህርት ቤት እንደ ተከፈተም የዚያን ጦር አዛዥ ታሪክ ከመጻሕፍትና ከመምህሮቼ ፈልጌ አጠናሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ያገኘሁትን ነው፤ ዓመቶቹም የተቆጠሩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ኦርድ ዊንጌት የካቲት 19 ቀን 1895 ዓ.ም. በህንድ አገር ናይኒ ታል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መኮንን ነበሩ። አባቱም እናቱም መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል የሚያምኑና በጸሎት የተጉ የአንድ ጥብቅ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። ሰባቱ ልጆቻቸው በማንበብ፣ በመጸለይና በመታዘዝ አደጉ፤ ኦርድም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የብሉይ ኪዳንን ታሪክ እንደ ቤተ ሰቡ ታሪክ አድርጎ ተማረው። አብርሃም፣ ሙሴ፣ ጌዴዎንና ዳዊት ለእርሱ በሩቅ ዘመን የነበሩ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ በጎረቤት የሚያውቃቸው ያህል ነበሩ። እግዚአብሔር ለሰው ቃል ይገባል፤ የገባውንም ቃል ይፈጽማል የሚለው እምነት ከዚያ ቤት ይዞት የወጣው ስንቅ ሆነ።

በ1913 ዓ.ም. በዉልዊች የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ስለ ትምህርት ቤት ኑሮው ከሚነገረው ሁሉ እኛን ተማሪዎችን የሚነካ አንድ ነገር አለ። ፈረስ ይወድ ስለ ነበር፣ አንድ ቀን የወሰደውን ፈረስ ከተወሰነው ሰዓት አሳልፎ መለሰ። የዚያ ትምህርት ቤት የበላይ ተማሪዎች ልማድ ክፉ ነበር፤ ያጠፋውን ልጅ ልብሱን አስወልቀው በሁለት ረድፍ በቆሙ ተማሪዎች መካከል እየገረፉ ካሳለፉት በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ዊንጌት ግን አልሮጠም። በእያንዳንዱ ፊት ቆሞ ዓይን ለዓይን እየተመለከተ እንዲመታው ጠየቀ፤ አንድም ሰው እጁን ለማንሣት አልደፈረም። ከረድፉ ጫፍ በደረሰ ጊዜም ራሱ ወደ ገንዳው ዘሎ ገባ። ብዙዎች ከብበውት ሳለ አንድ ሰው ካልፈራ ብዙዎቹ እንደሚፈሩ በዚያን ቀን የተማረ ይመስለኛል።

ከትምህርት ቤት በመኮንንነት ከወጣ በኋላ የዐረብኛ ቋንቋ አጥንቶ፣ በ1920 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር በብስክሌት ተነሥቶ የአውሮፓን አገሮች እያቋረጠ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም ወደ ሱዳን ደረሰ። በሱዳን ጦር ውስጥ እስከ 1925 ዓ.ም. ሲያገለግል፣ በኢትዮጵያ ጠረፍ እየተዘዋወረ ሰው የሚሸጡትንና ዝሆን የሚያድኑትን ወንበዴዎች ይቆጣጠር ነበር። ያን ጊዜ ከቆላው ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት የጎጃምን ተራሮች ከሩቅ ሳያይ አይቀርም፤ ግን ወደ እነርሱ የሚወጣበት ቀን ገና ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሎርና የምትባለውን ወጣት አገባ።

በ1929 ዓ.ም. ወደ ፍልስጥኤም ተላከ። በዚያም እግዚአብሔር ለእስራኤል የሰጠው የተስፋ ቃል በእርሱ ዘመን ሊፈጸም ነው ብሎ ስላመነ፣ ከአይሁድ ወጣቶች ጋር ሆኖ በሌሊት የሚዋጋ ጦር አቋቋመ። ሰፈሩም ጌዴዎን ሰዎቹን በውሃ በፈተነበት ምንጭ አጠገብ፣ በዓይን ሐሮድ ነበር። ይሁን እንጂ እውነቱን መሸፈን አይገባኝም፤ ያ የሌሊት ጦር በዐረብ መንደሮች ላይ ጭካኔ የፈጸመበት ጊዜ ነበር፤ ዊንጌትም ራሱ ቁጡ፣ ከአለቆቹ ጋር የማይስማማና ትዕግሥት የጎደለው ሰው ነበር። የራሱም አለቆች ወደ ፊት ወደዚያች አገር እንዳይመለስ ከልክለው በ1931 ዓ.ም. ሰደዱት። እግዚአብሔርን ማመን ሰውን በአንድ ቀን ፍጹም አያደርገውም፤ ይህም በዚህ ሰው ሕይወት በግልጥ ይታያል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ፋሽስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትይዝ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ላይ ነበሩ። የጎጃም አርበኞች ግን ከጠላት ጋር መዋጋታቸውን አልተዉም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀ፣ ኃይሉ በለውና ብዙ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች በየጫካው አምስት ዓመት ተጋደሉ። በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋር ከሱዳን ወደ ጎጃም ገብተው ከአርበኞቹ ጋር መላላክ ጀመሩ። በኅዳር ወር 1933 ዓ.ም. ደግሞ ዊንጌት በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተሳፍሮ ተራራው ላይ በተጠረገ ሜዳ ወርዶ ከሳንድፎርድ ጋር ተመካከረ።

ዊንጌት ለዚህ ዘመቻ ጦሩን የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰየመው። የጌዴዎንን ታሪክ ሁላችንም ብናውቀውም ስሙ ለምን እንደ ተመረጠ እንዲገባን ጥቂት ላስታውስ። ጌዴዎን ጠላትን ፈርቶ ተደብቆ ስንዴ ይወቃ የነበረ፣ ከቤተ ሰቡም ታናሽ የሆነ ሰው ነበር። እግዚአብሔር ሕዝቡን በእጁ እንደሚያድን ቃል በገባለት ጊዜ ቶሎ አላመነም፤ በጠጉር ባዘቶ ሁለት ጊዜ ምልክት ለመነ። ከተሰበሰቡት 32,000 ሰዎች የፈሩት ሲመለሱ 10,000 ቀሩ፤ ከእነዚያም 300 ብቻ ተመረጡ። ቀንደ መለከት፣ ባዶ ማሰሮና በማሰሮው ውስጥ የተሸሸገ ችቦ ይዘው በሌሊት ወጡ፤ ጠላትም በገዛ ድንጋጤው ተሸነፈ። ሰዎቹ የተቀነሱት ድሉ የማን እንደ ሆነ እንዳይሳሳት ነው።

የዊንጌትም ጦር ትንሽ ነበር። ሱዳናውያን፣ በስደት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያንና ጥቂት እንግሊዛውያን ተደምረው ከ1,700 እምብዛም አይበልጡም ነበር። በጎጃም ምሽግ ውስጥ የነበረው የጠላት ጦር ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣቸው ነበር፤ መድፍም አውሮፕላንም ነበረው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው የአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ከዚያ እስከ በላያ ተራራ ያለው መንገድ ቆላና ቁጥቋጦ፣ ውሃ የጠማውም ነበር። ስንቅና ጥይት የጫኑት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች በየመንገዱ ወደቁ፤ የተረፉትም ደጋው ሲጀምር በብርድና በዳገት አለቁ። በኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን የሚያውቀው በግመሎቹ ሬሳ ነበር ይባላል።

ከበላያ ተነሥቶ በመተከል በኩል አድርጎ ጦሩ ወደ እኛ ደጋ ወጣ። ያን ጊዜ በዳንግላም በእንጅባራም የጠላት ምሽግ ነበረ። ሁለቱም ብዙ ወታደር የያዙ ስለ ነበሩ፣ ቢዋጉ ኖሮ ያ ትንሽ ጦር ሊያልቅ በቻለ ነበር። ነገር ግን በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ አዛዦች ታላቅ ሠራዊት የመጣባቸው መስሏቸው፣ በዙሪያቸውም ያሉት አርበኞች መውጫ ስለ ነሷቸው፣ የዳንግላው ጦር ወደ ባሕር ዳር፣ የእንጅባራው ወደ ቡሬ ሸሸ። ዛሬ እኛ ኳስ የምንጫወትበትና ገበያ የምንወጣበት መሬት እንዲህ ሆኖ ነጻ ወጣ። አያቴ ይህን ሲነግሩኝ፣ አባታቸው ከጫካው ወጥተው የሸሸውን ጠላት አቧራ ቆመው እንዳዩና የሚሉት ቃል ስላጡ መሬት እንደ ሳሙ ጨምረው ነገሩኝ።

ዊንጌት በቡሬም እንዲሁ አደረገ። በሌሊት በትንሽ በትንሽ ሰው እየተከፈለ ከዚህም ከዚያም አደጋ ጣለ። በጌዴዎን ቀንደ መለከት ፋንታ የድምፅ ማጉያ ተተክሎ፣ በጠላት ሥር ያሉት የአገር ልጆች መሣሪያቸውን ይዘው እንዲመለሱ በአማርኛ ይጠሯቸው ነበር፤ ብዙዎችም መጡ። ቡሬ የካቲት መጨረሻ ላይ ተለቀቀች። ሸሽቶ የሚሄደው ብዙ ጦር በመንገድ ላይ ካገኘው ከአንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ብርቱ ውጊያ ገጥሞ፣ ከወገኖቻችን ብዙዎች ወደቁ። ስለዚህ ድሉ ሁሉ በማስፈራራት ብቻ የተገኘ እንዳይመስለን፤ ደም የፈሰሰበት ነው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት አዲስ አበባን በያዘበት ቀን ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ፤ ዊንጌትም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ በሰልፉ ፊት ሄደ። ከዚያም በግንቦት ወር በአጊባር ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የመጨረሻውን የጎጃም ጠላት ጦር እጁን እንዲሰጥ አደረገ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለመጻፍ ቀላል፣ ለማንበብም ደስ የሚል በሆነ ነበር። የሚቀጥለው ግን ሌላ ነው፤ እኔም ይህን ሰው የመረጥሁት በተለይ በዚህ በሚቀጥለው ምክንያት ነው።

ከድሉ በኋላ ዊንጌት ወደ ካይሮ ተጠራ። የጠበቀው ምስጋና አልመጣም፤ ይልቁንም ማዕረጉ ወደ ሻለቃነት ዝቅ አለ፤ ለወታደሮቹ የጠየቀውም ሽልማትና ደመወዝ ችላ ተባለ። ከሁሉ ይልቅ ልቡን ያቈሰለው ግን ሌላ ሥጋት ነበር። ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት ሆና እንድትመለስ እንደሚወድ በምክር ቤቱ ፊት ቃል ገብቶ ነበር። ዊንጌትም በዚህ ቃል ተማምኖ ለሕዝቡ ነጻነቱን ሰብኳል። አሁን ግን አገሪቱ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር እጅ ሆና ባየ ጊዜ፣ ቃሉ ይታጠፋል፤ እኔም ሳላውቅ ውሸት ተናጋሪ ሆኛለሁ ብሎ አዘነ። በዚህ ላይ ብርቱ የወባ በሽታ ያዘው። በሰኔ ወር መጨረሻ 1933 ዓ.ም.፣ በትኩሳትና በተስፋ መቍረጥ ተይዞ ብቻውን ሳለ፣ የገዛ ነፍሱን ሊያጠፋ ሞከረ። በአጠገቡ ባለው ክፍል የነበረ አንድ መኮንን ድምፅ ሰምቶ ደርሶ ስላስከፈተ፣ ሐኪሞችም ስለ ደከሙለት ዳነ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ። ጌዴዎንን ምሳሌ ያደረገ፣ ያን ሁሉ ምሽግ በጥቂት ሰው ያስለቀቀ ሰው እንዴት እንዲህ ወደቀ? እሱ ከወደቀ እንደ እኔ ያለው ደብተሩ ተዘግቶበት የሚያለቅስ ተማሪ ምን ሊሆን ነው? ጥያቄውን ይዤ ወደ አያቴ ሄድሁ። እሳቸውም ጌዴዎንም ባዘቶውን ሁለት ጊዜ እንደ ዘረጋ፣ እግዚአብሔር ግን ስለ ጥርጣሬው ቃሉን እንዳልተወ አስታወሱኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትንሽ በትንሽ ገባኝ። ቃሉ የተመሠረተው በተቀባዩ ጕልበት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ተቀባዩ በደከመ ቀን ይፈርስ ነበር። የተመሠረተው ግን በሰጪው ታማኝነት ላይ ነው። እንግዲህ የደከመ ሰው ቃሉን አጣ ማለት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ድካሙን ለሌላ ሰው መንገርና የሚደርስለት ሰው ማግኘት ነው። ዊንጌት ብቻውን በሆነበት ሰዓት በአጠገቡ ሰው መኖሩ የእግዚአብሔር ጠባቂነት ነው ብዬ አምናለሁ። ከእኛም መካከል እንዲህ የከበደው ጓደኛ ቢኖር፣ ለወላጁ ወይም ለመምህሩ ይንገር፤ እኛም ሰምተን እንዳልሰማን አንሁን።

ያ የተፈራው ነገርስ ምን ሆነ? ዊንጌት በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ የተጨነቀበት ቃል በእርሱ እጅ ሳይሆን ተፈጸመ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ የስምምነት ውል ተፈራረሙ፤ የኢትዮጵያም ነጻነት ታወቀ። ውሉ ብዙ የጐደለው ስለ ነበር በ1937 ዓ.ም. በሌላ ውል ተሻሻለ፤ መንገዱ ግን ተከፈተ። ጥር 23 በእኛ በአዊዎች ዘንድ ምን ቀን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በእንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሰኞቻችን በጌጥ ተውበው የሚወጡበት የፈረስ በዓላችን ነው። ሁለቱ ቀኖች የገጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ከዚህ ወዲህ ፈረሶቹ ሲጋልቡ ባየሁ ቁጥር ያን የተጨነቀ መኮንን ማስታወሴ አልቀረም።

ዊንጌት ከሕመሙ ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1935 ዓ.ም. በቡርማ ጫካ ውስጥ 3,000 ያህል ሰዎች ይዞ ከጃፓን ጦር መስመር በስተኋላ ገባ፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ሳይመለስ ቀረ። በሚከተለው ዓመት ከዚያ የሚበልጥ ጦር እየመራ በጄኔራልነት ማዕረግ ሳለ፣ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈረበት አውሮፕላን በህንድ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ ወድቆ ከጓደኞቹ ጋር ሞተ። ዕድሜው 41 ዓመት ነበር። አንድ ልጁም እርሱ ከሞተ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተወለደ። ዐፅማቸው ሊለይ ስላልቻለ፣ ዊንጌትና አብረውት የሞቱት ሰዎች በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአርሊንግተን መካነ መቃብር በአንድነት ተቀበሩ። በአዲስ አበባም ጦርነቱ ካለቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በስሙ ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ብዙ የአገራችን ሊቃውንት ተምረውበታል።

ይጠብቀው የነበረው የእስራኤል መንግሥት የታወጀው ግንቦት 6 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ እርሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚያ አገር ነገር ዛሬም በዓለም ብዙ ክርክርና ብዙ ሐዘን አለ፤ እኔም ተማሪ ነኝና በዚህ ፍርድ ልሰጥ አልችልም። የማስተውለው ግን ይህን ነው፤ ዊንጌት ሙሴ ምድሪቱን ከተራራ ላይ ሆኖ አይቶ እንዳልገባባት፣ የጠበቀውን ሳያይ ሞተ። ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ሁሉ ፍሬውን በዓይናቸው አያዩም። የአምስቱ ዓመት አርበኞችም ብዙዎቹ ሚያዝያ 27ን ሳያዩ በየጫካው ወድቀዋል። ቃሉ ግን ከእነርሱ ዕድሜ ይረዝማል፤ እነርሱ የተከሉትን እኛ እንበላለን።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ትምህርታችን እንደገና ተጀምሮ፣ ደብተሬ ከሣጥን ወጥቶ፣ እነሆ የ12ኛ ክፍል ፈተና እጠብቃለሁ። እግዚአብሔር ይህን ፈተና እንደማልፍ ቃል ገብቶልኛል ብዬ አልናገርም፤ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠኝምና፤ የእኔን ምኞት የእርሱ ቃል አድርጌ መቁጠር አይገባኝም። የሰጠው ቃል በመከራ ቀን ከእኛ እንዳይለይ ነው። ይህን ቃሉን በአያቴ እሳት ዳር አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ያለችኝን ጥቂት ችቦ በማሰሮዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ የቀረውን ቃል የሰጠው ያውቃል።

እናንተም እንዲሁ በርትታችሁ እንድትጠብቁ እመኛለሁ። አያቴን ግን ስለ ጌዴዎን ስለ ነገሩኝ ሌሊት፣ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አመሰግናቸዋለሁ።